ፔዳሉን ኮምፒውተር ይዘዘው፤ ጉባኤውን ግን አይዘዘው

በዚህ ጽሑፍ ከሁለት ወገን ጋር እከራከራለሁ። አንደኛው ወገን መድረክ ላይ ላፕቶፕ ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። «መዝሙር በኮምፒውተር ይመራል እንዴ? ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ላፕቶፑ ካልተከፈተ አንድ መዝሙር ማስጀመር አይሆንለትም። ኬብል ከጠፋ «ዛሬ አምልኮ የለም» ሊል ምንም አይቀረው። የመጀመሪያው ያልገባውን ነገር ይከለክላል። ሁለተኛው የገባውን ነገር ይታዘዘዋል። ሁለቱም ሲከራከሩ ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ይመስላቸዋል እንጂ የሚያወሩት ስለ ሁለት ነገር ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የጊታር ፔዳልን ኮምፒውተር ቢያዘው መልካም ነው፤ የሚችል ኅብረት ቢያደርገው ደስ ይለኛል። ጉባኤውን ግን ኮምፒውተር ሊያዘው አይገባም። አንዱ ከሌላው የሚለየው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ትእዛዙ የሚነሣው ከማን ነው?

ነገሩ ምንድን ነው?

ጊታር ለማትጫወቱት ላስረዳ። የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ አምፕሊፋየሩ ወይም ሚክሰሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ወለል ላይ በተደረደሩ ትንንሽ ሣጥኖች ውስጥ ያልፋል። ፔዳል የምንላቸው እነዚህ ናቸው። አንዱ ድምፁን ያሻክረዋል፤ ዲስቶርሽን ይባላል። ሌላው ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ ይደጋግመዋል፤ ዲሌይ ነው። ሌላው ደግሞ ጊታሩ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የሚመታ ያስመስለዋል፤ ሪቨርብ ነው። አሁን አሁን ሁሉንም በአንድ ሣጥን የያዘ መልቲ ኢፌክትም አለ።

እነዚህ ሣጥኖች የሚከፈቱትና የሚዘጉት በእግር ነው። ችግር የሚመጣው መዝሙሩ ከስንኙ ወደ አዝማቹ ሲሻገር ነው። ጊታሪስቱ በአንድ ምት ውስጥ ዲስቶርሽኑን መክፈት፣ ዲሌዩን መለወጥ፣ ሪቨርቡን መቀነስ አለበት። እግሩ ሁለት፣ ሣጥኑ አምስት ነው። ስለዚህ ያጎነብሳል፤ አንዱን ይረግጣል፣ ሌላውን ይስታል፤ ቀና ሲል አዝማቹ ግማሽ ደርሷል።

ኮምፒውተሩ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የሙዚቃ መሣሪያ አምራቾች መሣሪያዎቻቸው እርስ በርስ የሚግባቡበትን አንድ ቋንቋ ይፋ አደረጉ፤ ሚዲ ይባላል። ሚዲ ትእዛዝ ያመላልሳል እንጂ ድምፅ አያስተላልፍም። በገመዱ ውስጥ የሚሄደው «12 ቁጥርን ክፈት» የሚል መልእክት ነው። በአንድ የሚዲ ገመድ 16 ቻናሎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ቻናል 128 የተዘጋጁ ድምፆችን በቁጥር መጥራት ይቻላል። መልእክቱ በሰከንድ 31,250 ቢት ስለሚጓዝ «ድምፁን ቀይር» የሚለው ትእዛዝ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ዓይን ከመርገብገቡ በፊት አለቀ ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ልጅ ላፕቶፑ ላይ እንደ ኤብልተን ላይቭ ወይም ሜንስቴጅ ባለ ሶፍትዌር ለእያንዳንዱ የመዝሙር ክፍል የፔዳሎቹን ሁኔታ አስቀድሞ ያዘጋጃል። ጊታሪስቱ አንዲት ቁልፍ በእግሩ ይረግጣል፤ ኮምፒውተሩ ለአምስቱም ሣጥኖች በአንዴ ትእዛዝ ይልካል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ለሚከለክሉት

አባቶቼና ታላላቆቼ፣ «የዓለም ነው» የምትሉትን እሰማለሁ። ነገር ግን በዚህ መለኪያ ከሄድን መድረካችን ላይ ምን ይቀራል? ብዙዎቻችን «የድሮ መዝሙር ድምፅ» ብለን የምንናፍቀው አኮርዲዮን ራሱ በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የተሠራ ማሽን ነው። ስለ ሰፈራችን ስምስ ምን እንላለን? ካዛንቺስ የሚለው ቃል ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ስም፣ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው የመጣ ነው። ባዕድ ስም ነበር፤ ሰዎች ኖሩበት፣ ተዋለዱበት፣ ጸለዩበት፣ የራሳችን ሆነ። መበደር ነውር አይደለም። ጥያቄው የተበደርነው ነገር ለማን ያገለግላል የሚለው ነው።

ኮምፒውተርና ኤሌክትሮኒክስ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ እንግዳ እንዳልሆነም እናስታውስ። ካዛንቺስ አጠገብ ባለው ሂልተን ሆቴል ዋልያስ ባንድ ለዓመታት ተጫውቷል። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ለብቻው ባወጣው ካሴት አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አጣምሮ ተጫወተ። የሆቴል ሙዚቃ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ፤ የማወራው ስለ መሣሪያው ነው። የእኛው ሰው አኮርዲዮንና ማሽን አብረው ሊሠሩ እንደሚችሉ ካሳየ አርባ ዓመት አልፎታል። እኛ ዛሬም «ይሄ ነገር ከየት መጣ?» እያልን ነው።

ደግሞም የሙዚቃ ሙያ መንፈሳዊነትን አይቀንስም። በ1ኛ ዜና መዋዕል 25 ላይ ለመዝሙር የሠለጠኑት ብልሃተኞች ተቆጥረዋል፤ ቁጥራቸው 288 ነው። መጽሐፉ ቆጥሮ ያስቀመጠውን ሥልጠና እኛ እንደ ትርፍ ነገር ልናየው አይገባም።

ትልቁ ምክንያቴ ግን የጊታሪስቱ ዓይን ነው። ዳዊት በሳኦል ፊት በገና የደረደረው የሚሠቃይ ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ነው። ያን ሰው ሳያይ እንዴት ይደረድርለታል? ከአምስት ሣጥን ጋር የሚታገል ጊታሪስት ግን የሚያየው ወለሉን ነው። መሪው እጁን ቢያነሣ አያይም፤ ጉባኤው ጸጥ ቢል አይሰማም። እግሩ አንዲት ቁልፍ ብቻ ከረገጠች ቀና ይላል። ላፕቶፑን ከመድረክ የምታወርዱ አባቶች፣ አንገቱን ያቀናለትን ነገር ነው የምትወስዱበት።

ለሚታዘዙት

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፤ ከእናንተ ጋር ያለኝ ክርክር ይከብዳል፤ ምክንያቱም ነገ መድረኩን የምትረከቡት እናንተ ናችሁ።

ሶፍትዌሩ ፔዳልን የሚያዝበት ሁለት መንገድ አለው። በመጀመሪያው መንገድ ትእዛዙን የሚያስነሣው ሰው ነው፤ ሰው ሲረግጥ ኮምፒውተሩ ይልካል፤ ካልተረገጠ ዝም ብሎ ይጠብቃል። በሁለተኛው መንገድ ትእዛዙ በጊዜ መስመር ላይ ተጽፏል። መዝሙሩ ከተጀመረ በኋላ 33ኛው ባር ላይ ዲስቶርሽኑ ይከፈታል፣ 49ኛው ባር ላይ ይዘጋል፤ ከበሮ መቺው ጆሮ ውስጥ ክሊክ ይመታል፣ የተቀዳው ትራክ አብሮ ይሄዳል። ማንም ምንም አይረግጥም። ንጹሕ ነው፣ ያማረ ነው፤ በቪዲዮ ሲታይም ያስቀናል።

ከዚያ እሑድ ይመጣል። መሪዋ አዝማቹን ሦስተኛ ጊዜ ስትደግም አዳራሹ ይለወጣል። ከኋላ አንዲት እናት እጃቸውን ዘርግተው ያለቅሳሉ፤ ለሳምንታት አፉን ያልከፈተ ወጣት ይዘምራል። መሪዋ እዚያው ለመቆየት እጇን ታነሣለች። ትራኩ ግን እጅ አያይም። 65ኛው ባር ደርሷል። ጊታሩ በራሱ ጊዜ ይጮኻል፣ የተቀዳው ኳየር ወደ ቀጣዩ ክፍል ይገባል፣ ከበሮ መቺው ክሊኩን ጥሎ መውጣት ያቅተዋል። መሪዋ ትንሽ ትንገዳገድና ማሽኑን ትከተላለች። የእናትየው እጅ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

ይህን ያላየ ከእናንተ መካከል አለ? እንግዲህ ንገሩኝ፤ በዚያ ሰዓት አምልኮውን ማን መራው? ማክሰኞ ማታ ላፕቶፑን ያዘጋጀው ልጅ ነው። እሑድ ምን እንደሚሆን ማክሰኞ ላይ ወሰነ። መንፈስ ቅዱስ ማክሰኞም ይመራል ትሉኝ ይሆናል። አዎን፣ ይመራል፤ እሑድ ግን ሥራውን አቁሞ የማክሰኞውን ቅጂ አብሮን ያዳምጣል ማለት አይደለም።

በዚህ ነገር ከእኛ የተሻለ ጆሮ የነበራቸው ጎረቤቶች ነበሩን። ካዛንቺስ በአዝማሪ ቤቶቿ የታወቀች ሰፈር ነበረች፤ እንደ ፈንድቃ ያሉት ስማቸው ከአገር ውጭ ድረስ ተሰምቷል። እኛ አማኞች በበራቸው ስናልፍ እርምጃችንን እናፈጥን ነበር፤ ስለ መጠጡ ልንከራከር አያስፈልግም። ነገር ግን አዝማሪው እንዴት እንደሚሠራ አስቡ። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ይለዋል፤ አዝማሪው ግጥሙን ተቀብሎ እዚያው ያዜመዋል። ሰው ሲስቅ ያስረዝማል፤ ሰው ሲቀዘቅዝ ይለውጣል። ማሲንቆው ከፊቱ ያለውን ሰው ይከተላል። መጠጡን ትተን ጆሮውን ብንወስድ ምን አለበት? ሰው ለገንዘብና ለጨዋታ ብሎ ይህን ያህል ካዳመጠ፣ የእግዚአብሔርን ሕዝብ የሚያገለግል ጊታሪስት ከ65ኛው ባር ጋር ታስሮ መቅረቱ አያሳፍርም?

የማን ምት ነው?

ሌላም ነገር አለ፤ ሙያዊ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ብዙዎቻችሁ ለፔዳላችሁ የተዘጋጀ ድምፅ ከኢንተርኔት ታወርዳላችሁ። እዚያ የምታገኙት «የአምልኮ ድምፅ» አብዛኛው በ4/4 ምት ለሚሄድ የእንግሊዝኛ መዝሙር የተሠራ ነው። በጣም የታወቀው የዲሌይ ዓይነት ማሚቶውን በአንድ ምት ሦስት አራተኛ ላይ የሚመልሰው ነው። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ መዝሙር አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ነው፤ ማሚቶው በ375 ይመለሳል። እዚያ ቦታው ስለሆነ ያምራል።

አሁን ያንኑ ወደ ችክችካ አምጡት። ችክችካ በ6/8 ነው የሚሄደው፤ ትልቁ ምት በሦስት ትንንሽ ምቶች ይከፈላል። ትልቁ ምት በደቂቃ 100 ቢሆን አንዱ 600 ሚሊሰከንድ ነው፤ ትንንሾቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው 200 ናቸው። ያወረዳችሁት ዲሌይ በዚህ ፍጥነት ማሚቶውን የሚመልሰው በ300 ነው። ከበሮው ትልቁን ምት ለሦስት ሲከፍል ፔዳላችሁ ለሁለት ይከፍለዋል። አውቃችሁ ካደረጋችሁት ጥበብ ነው። ሳታውቁ ካደረጋችሁት ግን የጉባኤው ጭብጨባ ወደ አንድ ጎን፣ ጊታራችሁ ወደ ሌላ ጎን ይሄዳል። ከዚያ «ምእመኑ ምት አይጠብቅም» ትላላችሁ! ምእመኑማ ከልጅነቱ የሚያውቀውን ምት ጠብቋል። ዲሌዩን 200 ወይም 400 ላይ አድርጉትና ልዩነቱን ስሙ።

የዝግታ መዝሙሮቻችን ደግሞ ከዚህ ይብሳሉ። በትዝታ ቅኝት የሚዜም መዝሙር ሲጀመር መሪው አንዱን ቃል ይጎትተዋል፤ ሌላውን ቶሎ ይለቀዋል። ያ መጎተት የልመናው አካል ነው። ክሊክ እዚያ ላይ ከገባ ልመናው ይቆረጣል። ለዚህ የሚሆን ቁልፍ ፔዳሉም ሶፍትዌሩም አላቸው፤ ታፕ ቴምፖ ይባላል። እግራችሁ የመሪውን ምት ተከትሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ይረግጣል፤ ማሽኑ ፍጥነቱን ከእናንተ ይማራል። ማሽን ከሰው ሲማር ደስ ይላል።

የተሰረቀ ነገር በመሠዊያ ላይ

ይህን ብዘለው ቀላል ነበር፤ ግን አስተማሪያችሁ ነኝ። «ክራክ» የምትሉት ሶፍትዌር የተሰረቀ ሶፍትዌር ነው። ሌላ ስም የለውም። የአንድ ጎረቤት ጊታር ሰብራችሁ ገብታችሁ ወስዳችሁ ብትዘምሩበት ሽማግሌዎች ዝም አይሏችሁም። ሶፍትዌር ሲሆን ግን ዲያቆኑም ፍላሽ ይዞ ይመጣል።

ከአዲስ አበባ ሆኖ በዶላር መክፈል ቀላል እንዳልሆነ፣ ዋጋውም ለአንድ ወጣቶች ኅብረት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን መንገድ አለ። ብዙ የድምፅ ካርዶችና ትንንሽ ኪቦርዶች ሲገዙ የኤብልተን ላይቭ ቀላል ቅጂ አብሯቸው ይመጣል። ሪፐር ለ60 ቀን በነፃ ይሞከራል፤ ለግለሰብና ለአነስተኛ ተጠቃሚ ደግሞ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው፤ ኅብረቱ አዋጥቶ ሊገዛው ይችላል። ፒውር ዳታ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፤ ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ የሚዲ ትእዛዝ ለመላክ ከበቂ በላይ ነው። ይህም ካልተቻለ ፔዳላችሁን በእግራችሁ ርገጡ። በእግር የተረገጠ ንጹሕ ፔዳል በተሰረቀ ሶፍትዌር ከሚታዘዝ ይሻላል።

መብራት ሲጠፋ

ለምን ይህን ያህል እንደምቆጣ ልንገራችሁ። የአንድ መዝሙር ዋጋ የሚታወቀው መብራት ሲጠፋ ነው።

በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ፤ ሕንፃዎቿ ተወረሱ፣ መሪዎቿ ታሰሩ። ምእመናኑ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን ተሰበሰቡ። ሲዘምሩ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። አምፕሊፋየር የለም፣ ከበሮ የለም፣ መድረክ የለም። ስትዘጋ 5,000 ገደማ የነበሩት አባላት ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶም በዚያ ዘመን ሰባት ዓመት ታስሯል፤ እስር ቤት ውስጥ የደረሳቸው መዝሙሮች ዛሬም ይዘመራሉ። እነዚያ መዝሙሮች ከግድግዳው ያለፉት በሰው ልብና አፍ ውስጥ ሆነው ነው። ያን ለማለፍ ምንም ኬብል አላስፈለጋቸውም።

ያ የስደት ዘመን ነበር፤ ዛሬ እንደዚያ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ወደ ሰፈራችን ተመልከቱ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የድሮዋ ካዛንቺስ ፈረሰች። አብረው ያደጉ ልጆች ገላን ጉራ፣ ሌሎቹም በየከተማው ዳርቻ ተበተኑ። ቂርቆስ ውስጥ በእግር ወደ ልምምድ ይመጡ የነበሩ ወጣቶች ዛሬ ሁለት ታክሲ ይለውጣሉ፤ አንዳንዶቹም በአዲሱ ሰፈራቸው በአንድ ኮንዶሚኒየም ሳሎን አምስት ስድስት ሆነው ይሰበሰባሉ። ላፕቶፑ፣ ፔዳሉ፣ ትራኩ ከእኛ ጋር ቀርቷል። እነሱ ምን ይዘው ሄዱ?

በትራክ ብቻ የሚቆም መዝሙር ካስተማርናቸው ምንም ይዘው አልሄዱም። መዝሙሩ የእነሱ አልነበረም፤ የላፕቶፑ ነበር። አንዲት ልጅ በዚያ ሳሎን ውስጥ ያለ ጊታር አስጀምራ ሌሎቹ በሁለተኛው ስንኝ ከተቀበሏት ግን መዝሙሩ አብሯቸው ሄዷል። እኔ የምከራከረው ስለዚህች ልጅ ነው። የፔዳሉ ጉዳይ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ እሷ ግን ትንሽ ነገር አይደለችም።

«ግን እኮ…»

ተቃውሞአችሁን አውቀዋለሁ። «ከበሮ መቺ የለንም፤ ቤዝ የሚመታው ልጅ ሥራ ላይ ነው። ትራክ ካልያዝን ምን እናድርግ?» ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ አልንቀውም። መልሱ ግን ሶፍትዌሩ ውስጥ አለ። ኤብልተን ላይቭ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ ጀምሮ የመዝሙሩን ክፍሎች በየብቻቸው የምታስቀምጡበት ገጽ አለው። ስንኙ አንድ ክፍል፣ አዝማቹ አንድ ክፍል ይሆናል። አዝማቹ ሌላ ክፍል እስክትጠሩ ድረስ እየዞረ ይቆያል። መሪዋ አሥር ጊዜ ብትደግመው አሥር ጊዜ ይደግማል። ጊታሪስቱ መሪዋን እያየ ሲረግጥ ከበሮውም፣ ቤዙም፣ ፔዳሉም አብረው ይሻገራሉ። ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች ለሰው ቦታ ትተዋል። ያንን ቦታ የዘጋነው እኛ ነን።

«በጊዜ መስመር ከሄድን ስሕተት አይኖርም» የሚልም አለ። ስሕተት የሌለበት አምልኮ የት አያችሁ? ጊታሪስት ቢስት ይታረማል፤ ኅብረቱም ይስቅና ያልፋል። መሪዋ ልትቆይ የፈለገችበትን ቦታ ጥሎ የሚሄድ ትራክ ግን ስሕተት መሥራቱን እንኳ አያውቅም።

«ሰዓት አለብን፤ ሁለተኛው ፕሮግራም ሊገባ ነው» የሚሉ ሽማግሌዎችም አሉ። ሰዓት ማክበር ደግ ነው። ሰዓቱን ግን መሪዋ ትያዘው። አንድ መዝሙር ትቀንስ፤ አዝማቹን በስድስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ እንድትጨርስ ግን ማሽን አይዘዛት።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለየኅብረታችሁ አምስት ነገር እጠይቃለሁ፤ በሚቀጥለው ልምምድ ተነጋገሩባቸው።

አንደኛ፣ ከጊዜ መስመሩ ላይ የፔዳል ትእዛዞችን አንሡ። እያንዳንዱ ለውጥ ከሰው እግር ወይም ጣት ይነሣ።

ሁለተኛ፣ ድምፆቻችሁን ቀንሱ። 128 ቦታ አለ ማለት 128 ድምፅ ያስፈልጋል ማለት አይደለም። ለአንድ መዝሙር ሦስት ይበቃል፤ አንዱ ለዝግታ፣ አንዱ ለአዝማች፣ አንዱ ለጸሎት። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ላይ ድምፁ ተለይቶ ስለማይታወቅ መሣሪያ ያነሣውን ነገር አንብቡና ሪቨርባችሁን ተመልከቱ።

ሦስተኛ፣ ኮምፒውተሩ ቢሞት ምን እንደሚሆን በልምምድ ላይ ሞክሩት። መዝሙሩ እየሄደ ገመዱን ንቀሉ። ፔዳሉ በያዘው ድምፅ ላይ ይቆያል፤ ጊታሪስቱ ከዚያ በእግሩ መቀጠል መቻል አለበት። ላፕቶፑ ላይ ኢንተርኔቱንና ማሳወቂያውን ዝጉ፤ በአምልኮ መካከል ዝመና የሚጭን ላፕቶፕ አያሳፍራችሁ። ቻርጀሩ ሲሰካ ጊታሩ እም የሚል ከሆነ ንቀሉትና በባትሪ ሥሩ።

አራተኛ፣ የተሰረቀውን አጥፉ። ዛሬ ማታ።

አምስተኛ፣ በወር አንድ ጊዜ ሁሉንም አጥፉ። ላፕቶፑን፣ ፔዳሉን፣ ማይኩንም። አዲሱን መዝሙር በድምፅ ብቻ አስተምሩ። ጉባኤው ካልያዘው ጥፋቱ የፔዳሉ አይደለም፤ መዝሙሩ ገና አልተማረም ማለት ነው። ከያዘው በኋላ ፔዳሉን መልሱ፣ ኮምፒውተሩን ክፈቱ፣ ዲሌዩን በችክችካው ልክ አስተካክሉና በደስታ ምቱ።

ጊታሪስት ወንድሜ፣ እህቴም፣ እግርሽ ቁልፉ ላይ ይሁን፣ ዓይንሽ መሪዋ ላይ፣ ጆሮሽ ከኋላ ወንበር ላይ። ኮምፒውተሩ ፈጣን አገልጋይ ነው፤ አገልጋይ ሆኖ ይቆይ። ትእዛዙ ከእናንተ ይውጣ፤ እናንተም ከማን እንደምትቀበሉ ታውቃላችሁ።